ሬይል፣ ኮልድ ሹ ወይስ አርካ? ካሜራ ላይ ዕቃ ለሚገጥም የወሎ ቀራጭ

ወሩ ጥር ነው። ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ሰርግ ቤት ነበርኩ። ሙሽራው ከመኪና እየወረደ ነው፣ ሚዜዎቹ ሆ ይላሉ፣ እኔ ወደ ኋላ እየተራመድኩ እቀርጻለሁ። ካሜራዬ አናት ላይ ባለ 5 ኢንች ሞኒተር አለ። የያዘችው ለፍላሽ በተሠራችው መግጠሚያ፣ ሹ በምትባለው ውስጥ የገባች፣ በጣት የምትጠብቅ አንዲት ትንሽ ክብ ቁልፍ ናት። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ አጥብቄያታለሁ። አራተኛውን ረሳሁት። ሞኒተሩ ዘመም አለ፣ ዞረ፣ ከዚያ ድንጋዩ ላይ አረፈ።

ቀድመው የደረሱት የሙሽራው እናት ነበሩ። «አብሽር ልጄ፣ ሰው አልነካም» አሉኝ። ሞኒተሩን አንስተው በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ሰጡኝ። መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ማታ ቤት ገብቼ ካሜራውን ሳየው ደግሞ የሹዋ አንደኛው ከንፈር ወደ ላይ ተጣሟል። ከዚያ ቀን ወዲህ ፍላሽ አጥብቆ ይዞ አያውቅም።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚህ ነው። እኛ ቀራጮች ካሜራና ሌንስ ስንገዛ ሳምንት እንመራመራለን፣ አስር ሰው እንጠይቃለን። ዕቃውን ከዕቃ ጋር የሚያስረውን ነገር ግን ከተገኘበት እንሰበስባለን። አንዱ ከመርካቶ፣ ሌላው ዱባይ ከሄደ ዘመድ፣ ሦስተኛው ከጓደኛ። በመጨረሻ አምስት ዓይነት ማሰሪያ ይኖረናል፣ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። የእኔ ምክር አጭር ነው፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ማሰሪያውን ምረጡ። ከታች አንድ ዓይነት፣ ከጎን አንድ ዓይነት። ከዚያ በኋላ የምትገዙት ሁሉ እሱን ይከተል።

ከብሎኑ እንጀምር

ካሜራ ሥር ያለችው ቀዳዳ በመላው ዓለም አንድ ናት። ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ። ከሷ የምትበልጠዋ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ናት፣ 9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ። ትራይፖድ ራስ ሥርና ትልልቅ ዕቃ ላይ የምናገኛት እሷን ነው። ኬጅ ላይ፣ ማለትም ካሜራውን ዙሪያውን አቅፎ ዕቃ በሚገጠምበት ባለ ብዙ ቀዳዳ የብረት ቤት ላይ፣ ሁለቱም አሉ።

እኛ አገር ጋራዥና ቶርኖ ቤት በብዛት የሚገኘው ብሎን ግን የሚሊ ሜትር ብሎን ነው። አንድ ጊዜ የሞኒተር መያዣ ብሎን ጠፍቶብኝ ፒያሳ አካባቢ ወደ አንድ ሱቅ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይቺ ቀዳዳ ውስጥ የምትገባ አጭር ብሎን ይኖርዎታል?»

ቀዳዳዋን አዩና «ይቺማ የስድስት ናት» ብለው አንድ ብልጭ ያለች ብሎን ሰጡኝ። አንድ ዙር ተኩል ገባች። ከዚያ ያዝ አደረገች። እኔም በመፍቻ ገፋኋት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ባለ 6 ሚሊ ሜትሯ ብሎን ከሩብ ኢንቿ በጥቂት ትቀጥናለች፣ ስለዚህ መጀመሪያ ገባች ትመስላለች። ጥርሷ ግን በየ1 ሚሊ ሜትር ነው፣ የካሜራው በየ1.27 ሚሊ ሜትር። ሁለት ዙር ሳይሞላ ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል። ብሎኗ ብረት ናት፣ ኬጁ አልሙኒየም። የሚላጠው አልሙኒየሙ ነው። የኬጄ አንዷ ቀዳዳ እስከ ዛሬ ባዶዋን ናት።

ትክክለኛ ብሎን በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ትገባለች። መፍቻ የሚያስፈልገው ለመጨረሻዋ ሩብ ዙር ነው። ከዚያ በፊት ከያዘች አውጧት። ብሎን ስትገዙ ደግሞ ኬጁን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ በስልክ ፎቶ አሳይታችሁ አትግዙ። እኔ አሁን አምስት ትርፍ ብሎን በባዶ የመድኃኒት ዕቃ ውስጥ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ።

ኮልድ ሹ፦ ለቀላል ዕቃ፣ ለቀላል ዕቃ ብቻ

ካሜራ አናት ላይ ያለችው ሆት ሹ ትባላለች፣ ፍላሽን በኤሌክትሪክ ስለምታገናኝ። ኮልድ ሹ መልኳ ያው ነው፣ መገናኛ ግን የላትም። ዕቃ መያዝ ብቻ ነው ሥራዋ። ኬጅ ላይ ሁለትና ሦስት ታገኛላችሁ።

ጥሩ ጎኗ ፍጥነቷ ነው። ገፋ፣ ጠበቅ፣ አለቀ። የገመድ አልባ ማይክ ተቀባይ 30 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው። ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ ያለው ክሊፕ ራሱ ሹ ውስጥ እንዲገባ ሆኖ ተሠርቷል። ለእሱ ከኮልድ ሹ የተሻለ ነገር የለም። ትንሽ የኤልኢዲ መብራትም እንደዚያው።

መጥፎ ጎኗ የምትይዝበት መንገድ ነው። ሁለት ስስ ከንፈሮች አሉ፣ የዕቃው እግር ከሥራቸው ይገባል፣ ከላይ አንዲት ክብ ቁልፍ ትጫናለች። በቃ። ዕቃው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚከለክለው ያቺ ጫና ብቻ ናት። አሁን ሞኒተር አስቡ። የሶኒ ኤንፒ ኤፍ 970 ባትሪ ብቻውን 300 ግራም ገደማ ነው። ከሞኒተሩ ጋር ተደምሮ ግማሽ ኪሎ ያልፋል። ያ ሁሉ ክብደት በረዥም ክንድ ጫፍ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ክንዱን ከ10 ሳንቲ ሜትር ወደ 20 ብታስረዝሙት ሥሩ ላይ ያለው ጫና እጥፍ ይሆናል። የተራመዳችሁ ቁጥር ክንዱ ይወዛወዛል፣ ቁልፏም ጥቂት በጥቂት ትላላለች። እኔን ያገኘኝ ይኸው ነው።

ስለዚህ የምከተለው ልክ ይህ ነው፦ በሁለት ጣት አንስቼ ምንም ካልከበደኝ ኮልድ ሹ ላይ ይሄዳል። ከከበደኝ አይሄድም። የካሜራው የራሱ ሹ ላይ ደግሞ ከማይክና ከፍላሽ በቀር ምንም አላስቀምጥም። የኬጅ ሹ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። የካሜራው ከተበላሸ ካሜራው ተፈትቶ ነው የሚጠገነው።

ናቶ ሬይል፦ ከጠመንጃ የመጣው

ሬይል ማለት ዕቃ ገብቶ የሚታሰርበት አጭር ሐዲድ ነው። ስሙ ብዙ ሰው ያስገርማል። የካሜራ ሱቅ ውስጥ ናቶ ምን ይሠራል? ነገሩ እውነት ነው፣ ሬይሉ የተወለደው ጠመንጃ ላይ ነው። ድሮ እያንዳንዱ የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር ሠሪ የራሱ መግጠሚያ ነበረው። አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ፒካቲኒ የሚባል የጦር መሣሪያ ማዕከል አለ። በ1995 በፈረንጆች አቆጣጠር የአሜሪካ ጦር ሚል ስታንዳርድ 1913 የሚባለውን ልክ አጸደቀ፣ ሬይሉም በማዕከሉ ስም ፒካቲኒ ተባለ። 21.2 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ጎንና ጎኑ የተቆለመመ፣ ጀርባው ላይ እኩል እኩል የተቆረጡ ጎድጓዳ መስመሮች። በ2009 ናቶ እሱን ጥቂት አሻሽሎ የራሱ ደረጃ አደረገው። የካሜራ ዕቃ ሠሪዎች ቅርጹን ወስደው ስሙንም አብረው ወሰዱት።

የጎድጓዶቹ ነገር ሊገባችሁ ይገባል፣ ስትገዙ ይጠቅማችኋልና። ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይመታል። መነጽሩ በሬይሉ ላይ ተንሸራቶ እንዳይሄድ ከሥሩ አንድ አግዳሚ ብሎን ጎድጓዳው ውስጥ ይቀመጣል። ካሜራ አይመታም። ስለዚህ የካሜራው ሬይል ጎድጓዳ አያስፈልገውም፣ ጀርባው ልሙጥ ነው። በምትኩ በጸደይ የምትገፋ ትንሽ ፒን አለችው። ክላምፑ፣ ማለትም ሬይሉን ጨምቆ የሚይዘው መቆንጠጫ፣ ቢላላ እንኳ ዕቃው እስከ ጫፍ ተንሸራቶ ፒኗ ላይ ይቆማል። ካልጫናችኋት አትለቅም። ሞኒተሬን ያኔ በዚህ አስሬው ቢሆን ኖሮ ይንሸራተት ነበር እንጂ አይወድቅም ነበር።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። ኢንተርኔት ላይ ለጠመንጃ ሬይል የተሠራ መብራት መያዣ ረከስ ብሎ ታዩና ካሜራዬ ላይ ይሄዳል ትላላችሁ። ስፋቱ ይገጥማል። አግዳሚ ብሎኑ ግን የሚቀመጥበት ጎድጓዳ የለም፣ ሬይሉ ላይ ቆሞ ይቀራል። አትግዙት።

ጠመንጃ ሠሪዎች የተማሩትን ሌላም ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ኬጅ ስትመርጡ ያው ጥያቄ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ የጠመንጃውን የፊት መያዣ በአራቱም ጎን በሬይል ሸፈኑት። የትም ቦታ መግጠም ይቻላል ተባለ። ተጠቃሚው ግን ከበደን፣ እጃችንን ፈገፈገን አለ። ከዚያ በ2012 ኪሞድ፣ በ2014 ደግሞ ኤም ሎክ የሚባሉ መጡ። መያዣው ልሙጥ ሆኖ ቀዳዳ ቀዳዳ ብቻ አለው፣ አጭር ሬይል የምትጨምረው በምትፈልግበት ቦታ ነው። የካሜራ ኬጅም እንዲሁ ነው። በየጎኑ ሬይል የተገጠመለት ኬጅ ሲያዩት ያምራል፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ግን መዳፍ ይበላል። እኔ የምመርጠው ቀዳዳ የበዛበት፣ ጠርዙ የተድቦለቦለ ኬጅ ነው። አንዲት አጭር ሬይል በግራ ለእጀታ፣ አንዲት ከላይ ለሞኒተር። ሌላው ቀዳዳ ባዶውን ይቀመጥ።

ሬይል ስትገዙ ሥሩን ገልብጡት። በሁለት ብሎን የሚታሰር ይሁን። አንድ ብሎን ብቻ ካለው እጀታውን ጨብጣችሁ ስታነሡ ሬይሉ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል። አንድ ብሎን ያለው ከሆነ ከጎኗ ማቆሚያ ፒን ሊኖራት ይገባል፣ ፒኗም ኬጁ ላይ የምትገባበት ቀዳዳ። አንዳንዶቹ የአሪ ፒን ይሏታል፣ ከካሜራ ኩባንያው ስም ነው።

ለናቶ ሬይል ያለኝን ፍቅር የጨመረው ጊምባል ነው፣ ስንራመድ ካሜራው እንዳይወዛወዝ በሞተር የሚያረጋጋው መያዣ። የዲጄአይ አርኤስ 2ን የመሳሰሉት ጊምባሎች ጎናቸው ላይ የናቶ መግጠሚያ አላቸው። ካሜራው ላይ ያለውን የሞኒተር ክንድ ነቅዬ ጊምባሉ ጎን ላይ እሰካዋለሁ። መፍቻ አያስፈልግም፣ ሙሽራዋ ከቤት እስክትወጣ ድረስ ሥራው አልቋል።

ከታች፦ አርካ ወይስ ማንፍሮቶ?

ከካሜራው ሥር የሚታሰረው ፕሌት ነው በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚፈታውና የሚገጠመው። ከትራይፖድ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ጊምባል፣ መልሶ ወደ ትራይፖድ። ስለዚህ ምርጫው እዚህ ላይ ከሁሉም ይከብዳል።

ማንፍሮቶ የሚባለው ሰፊውና ረዥሙ ፕሌት ነው፣ 501 የሚባለው ዓይነት። የቪዲዮ ትራይፖድ ራሶች ብዙዎቹ እሱን ነው የሚቀበሉት። ሰፊ ስለሆነ አይወዛወዝም፣ ረዥም ስለሆነ ካሜራውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አድርጋችሁ ሚዛን ታስይዙታላችሁ። ትልቅ ሌንስ ይዞ አንድ ቦታ ላይ ሰዓታት ለሚቆም ሰው ጥሩ ነው። መድረክ ለሚቀርጽ፣ ስብሰባ ለሚቀርጽ።

አርካ የሚባለው ጠባብ ነው፣ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ጎንና ጎኑ በ45 ዲግሪ የተቆለመመ። ፎቶ አንሺዎች ናቸው ያስለመዱት። አሁን ብዙ ኬጅ ሥሩ ራሱ በአርካ ቅርጽ ተሠርቶ ይመጣል፣ ፕሌት መግዛት ሳያስፈልጋችሁ። በጎን በኩልም ካለው ካሜራውን ቁም አድርጋችሁ ለቲክቶክ መቅረጽ ትችላላችሁ፣ ደንበኞቼ አሁን የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

አርካ ላይ የምትጠነቀቁት አንድ ነገር አለ። ልኩን ሁሉም ሠሪ አንድ አድርጎ አይሠራውም፣ በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ይለያያሉ። በጠመዝማዛ ቁልፍ የሚጠብቅ ክላምፕ ልዩነቱን ይችለዋል፣ እስኪይዝ ትጠመዝዛላችሁ። በአንድ ጊዜ ተጫኖ የሚቆልፈው ባለ ማንሻ ክላምፕ ግን ለአንድ ስፋት ብቻ የተለካ ነው። ፕሌቱ ጥቂት ከጠበበ ማንሻው ተቆልፎም ካሜራው ይነቃነቃል። ድምፁን ሰምታችሁ ተቆለፈ ትላላችሁ። ስለዚህ ባለ ማንሻ ከገዛችሁ ፕሌቱንም ከዚያው ሠሪ ግዙ።

ሌላ ትንሽ ነገር። የአርካ ፕሌት ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት ጥቃቅን የማቆሚያ ብሎኖች አሉት። ክላምፑ ቢላላ ካሜራው ተንሸራቶ እንዳይወጣ የሚያግዱት እነሱ ናቸው። ብዙ ሰው ለመግፋት አስቸገሩኝ ብሎ ያወጣቸዋል። አታውጡ።

እኔ የመረጥኩት አርካን ነው። ምክንያቴም ሥራዬ ተንቀሳቃሽ ስለሆነ ነው። የትራይፖዴ ራስ ማንፍሮቶ ነበር። ላዩ ላይ አንድ የአርካ ክላምፕ አሰርኩበትና እዚያው ተውኩት። በጊምባሉም እንዲሁ። አሁን ካሜራው አንድ እግር ብቻ ነው ያለው፣ የትም ይቆማል። ቋሚ ስቱዲዮ ያላችሁ ከሆነ ግን፣ ወይም የምትሠሩት ባለ ከባድ ካሜራ ሆኖ ከትራይፖድ የማይወርድ ከሆነ፣ ማንፍሮቶውን አትቀይሩ። ከአርካ ይልቅ ተደላድሎ ይቀመጣል።

ባለ 15 ሚሊ ሜትር ዘንግ

አጭሩን ልንገራችሁ፦ አብዛኛው የሰርግ ቀራጭ አያስፈልገውም። ከካሜራው ሥር ወደ ፊት የሚወጡ ሁለት ዘንጎች ናቸው፣ ከመሐል እስከ መሐል 60 ሚሊ ሜትር ተራርቀው። ልኩ አንድ ስለሆነ የአንዱ ኩባንያ ማት ቦክስ፣ ከሌንስ ፊት ብርሃን የሚከልለው ሣጥን፣ በሌላው ዘንግ ላይ ይገባል። ፎከስ በማርሽ ለሚያዞር፣ ሌንሱ ረዝሞ ድጋፍ ለሚፈልግበት፣ ከኋላ ትልቅ ባትሪ ለሚያስር ሰው ነው። ፊልምና ማስታወቂያ ለምትሠሩ አስፈላጊ ነው። ለሰርግ ግን ከፊት ወጥቶ የሰው ነጠላ ይይዛል።

ባትሪ ካነሣን አይቀር፣ ቪ ማውንት የሚባለውን ትልቁን ባትሪ ልትገዙ ካሰባችሁ ከ100 ዋት አወር በታች የሆነውን ግዙ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ስትመጡ፣ ወይም ዘመድ ከውጭ ሲያመጣላችሁ፣ እስከ 100 ዋት አወር ያለ ፈቃድ በእጅ ቦርሳ ይገባል። ከዚያ በላይ ከሆነ የአየር መንገዱ ፈቃድ ይጠይቃል። 98 እና 99 ተብሎ የተጻፈባቸው የበዙት ለዚህ ነው።

ኬጅ ራሱ የግድ ነው?

አይደለም። ካሜራ፣ ሌንስ፣ አንድ ማይክ ብቻ ከሆነ የምትይዙት፣ ከሥር የአርካ ፕሌት ይበቃል። ኬጅ የሚያስፈልገው ከካሜራው ውጭ ሦስተኛ ዕቃ ሲመጣ ነው። ሞኒተር ሲመጣ በተለይ።

ሞኒተር ከመጣ የኤችዲኤምአይ ገመድ ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ተጎድተናል። ሶኒ ኤ7 3ን የመሳሰሉ ካሜራዎች ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ነው ያላቸው፣ ከጥፍር የምትቀጥን ቀዳዳ። ገመዱ በድንገት ከተሳበ ቀዳዳዋ ከውስጥ ትሰበራለች። ኬጁ የገመድ መያዣ ክላምፕ ካለው ገመዱ ሲሳብ የሚጎተተው ኬጁ ይሆናል። ይህን ቁራጭ ኬጁ ዋጋ ውስጥ ካላካተቱት ለብቻው ግዙት። ከእጀታው በፊት ግዙት።

ኬጅ ለአንድ ካሜራ ሞዴል ብቻ ይሠራል። ካሜራውን ስትሸጡ አብሮ ይሄዳል። ሬይሎቹ፣ ክላምፖቹ፣ እጀታው ግን ከናንተ ጋር ይቀራሉ። ስለዚህ ገንዘብ ካነሰ ኬጁ ላይ ቆጥቡ፣ ክላምፑ ላይ አትቆጥቡ። ካሜራ መቀየር ያሰበ ሰው ደግሞ ግማሽ ኬጅ ወይም ኤል ቅርጽ ፕሌት ይዞ ቢቆይ አይጎዳም።

ሥራችሁ የት ነው?

ምርጫው እዚህ ላይ ነው የሚቆረጠው። ደሴና ኮምቦልቻ ሰርግ ለምትቀርጹ፦ ከሥር አርካ፣ ከላይ አጭር ናቶ ሬይል ለሞኒተር፣ በግራ ናቶ ሬይል ለእጀታ፣ ማይኩ ኮልድ ሹ ላይ። እኔ የምይዘው ይህንን ነው፣ ኒካህም ይሁን የቤተ ክርስቲያን ሰርግ።

መስከረም 21 ግሸን ማርያም ለመቅረጽ የሚወጣ ሰው ግን ይህን ሁሉ ይተው። አቀበቱ በእግር ነው፣ ሰዉም ብዙ ነው። ካሜራ፣ አንድ ሌንስ፣ ማይክ፣ የአርካ ፕሌት። ላሊበላ ለገናም ያው ነው። ቤተ ማርያም ዙሪያ ሰው ከሰው ጋር ተጣብቆ ሲቆም ከካሜራው ጎን የወጣ ክንድ ሁሉ የነጠላ ዘርፍ ይይዛል፣ የካህን ልብስ ይነካል። የወጣ ነገር ባይኖር ይሻላል።

መንዙማ ስትቀርጹ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ነው የምትቀርጹት፣ ዝቅ ብላችሁ። ከላይ እጀታ ያለው ሬይል እዚያ ይጠቅማል። ካሜራውን አንጠልጥላችሁ ከጉልበት ከፍታ ላይ ትይዙታላችሁ፣ ድቤው የሚመታውን እጅ ፊት ለፊት ታገኙታላችሁ። ሰዉ መሐል ቆሞ መሄድም አይኖርም።

ባቲ ሰኞ ገበያ የሚሠራ ሰው ጠላቱ አቧራ ነው። አሸዋ ክላምፑ ውስጥ ከገባ ጥብቅ ይመስላል እንጂ አይይዝም፣ ፒኗም ተጣብቃ ትቀራለች። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያዙ። ዘይት አትቀቡ፣ ዘይት አቧራ ይጠራል።

መንገዱና ብሎኑ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በሐረጎ ቁልቁለት ጠመዝማዛውን ወርዳችሁ ስትደርሱ ቦርሳው ውስጥ ያለው ብሎን ሁሉ ጥቂት ላልቷል። የገጠር ጠጠር መንገድ ከሆነማ አይነሣ።

የማይፈቱ ብሎኖችን፣ ማለትም ሬይሉን ከኬጁ ጋር የሚያስሩትን፣ ሎክታይት ከሚባለው የብሎን ማጣበቂያ ሰማያዊውን አንድ ጠብታ አድርጉባቸው። ሰማያዊው በመፍቻ ይፈታል። ቀዩን አትንኩ፣ እሱ ካልተሞቀ አይለቅም፣ አልሙኒየም ላይ ደግሞ ጉዳት ነው። ሎክታይት ካጣችሁ የጥፍር ቀለም ይሠራል። እህቴ የተወችው ቀይ ጠርሙስ ለእኔ ሁለት ሥራ ይሠራል። ብሎኑ ጥርስ ላይ ጥቂት እቀባለሁ። ካጠበቅኩት በኋላ ደግሞ ከብሎኑ ራስ ጀምሬ እስከ ኬጁ የምትደርስ ቀጭን መስመር አሰምርበታለሁ። ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ይቆረጣል። ሰርግ ቤት ደርሼ ቦርሳዬን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ስድስቱን ቀይ መስመሮች ነው። ስድስቱም ከተያያዙ ካሜራውን አነሣለሁ።

ሱቅ ውስጥ

ፎርጅዱ ከኦሪጅናሉ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ነው የሚቀመጠው፣ ቀለሙም አንድ ነው። በእጅ ግን ይለያል። ክላምፑን ሬይሉ ላይ አስገቡትና ሳታጠብቁ ግራና ቀኝ አንቀሳቅሱት። በጣም የሚንገዋለል ከሆነ ተውት። አጥብቁትና እጀታውን ይዛችሁ ጠምዝዙት። ድምፅ ከሰጠ ተውት። ፒኗን ሦስት አራት ጊዜ ተጫኗት፣ ቶሎ መመለስ አለባት። የሬይሉን ጠርዝ በጥፍራችሁ ጫፍ ሂዱበት። ጥሩ የተቆረጠ አልሙኒየም ጥፍር አይይዝም፣ ሻካራው ግን ክላምፑን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ብሎኗን በጣት አስገቡ፣ እስከ መጨረሻ ትግባ።

ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ኬጁን አልብሱትና የባትሪውን በር ክፈቱ። ካርዱን አውጡ። ስክሪኑን አዙሩት። ኤችዲኤምአዩን ሰኩት። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። ባትሪ ለመቀየር ኬጅ መፍታት ካስፈለገ፣ ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ እናንተ መፍቻ ፍለጋ ላይ ናችሁ።

ሁሉን በአንዴ መግዛት ለማይችል ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የአርካ ፕሌትና ክላምፕ፣ ቀጥሎ ኬጅ ከኤችዲኤምአይ መያዣው ጋር፣ ቀጥሎ ለሞኒተሩ ናቶ ሬይልና ክላምፕ። እጀታው መጨረሻ ይምጣ። እኔ በሁለት የሰርግ ወራት ነው የጨረስኩት፣ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባለው። በዚያ መሐል ሞኒተሩ ቦርሳ ውስጥ ነበር፣ በካሜራው በራሱ ስክሪን እቀርጽ ነበር። ምስሉን ለይቶ የጠየቀኝ ደንበኛ አልነበረም።